መንገድ ጠራጊው፦ የፉልባክ ታሪክ

ለእግር ኳስ ተመልካች ፉልባክ ማለት የመስመር ተከላካይ ነው። በአሜሪካ ፉትቦል ግን ፉልባክ የአጥቂው ቡድን አባል ነው። ስሙን ያገኘው ከሚቆምበት ቦታ ነው፦ ከፊተኛው መስመር ጀርባ ቀረብ ብሎ የሚቆመው ኳርተርባክ ወይም ሩብ፣ ቀጥሎ ያለው ሃፍባክ ወይም ግማሽ፣ ከሁሉም ኋላ ያለው ፉልባክ ወይም ሙሉ ተባለ። ዛሬ ፉልባክ አብዛኛውን ጊዜ ከኳስ ተሸካሚው ፊት ነው የሚቆመው። ስሙ ባለበት ቀርቶ ሥራው ተገልብጧል።

በድሮው ጊዜ ፉልባክ የቡድኑ ዋና ጉልበት ነበር። በ1930ዎቹ የቺካጎ ቤርሱ ብሮንኮ ናጉርስኪ ኳስ ይዞ ሲመጣ ለማስቆም አንድ ተከላካይ አይበቃም ነበር። የክሊቭላንድ ብራውንሱ ጂም ብራውን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1965 በተጫወተባቸው 9 የውድድር ዘመናት ስምንቱን በሩጫ የሊጉ ቀዳሚ ሆኖ ጨርሷል። 12,312 ያርድ ሮጦ ያስመዘገበው ክብረ ወሰን እስከ 1984 አልተሰበረም።

ከብራውን በፊት በዚያው ክሊቭላንድ ማሪዮን ሞትሊ ነበር። ከ1934 እስከ 1945 በኤንኤፍኤል አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። በ1946 አራት ጥቁሮች ወደ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ገቡ፤ ጃኪ ሮቢንሰን የቤዝቦልን በር ከመክፈቱ አንድ ዓመት ቀድመው ማለት ነው። ከአራቱ አንዱ ሞትሊ ነው። በዚያው ዓመት ቡድኑ ማያሚ ላይ ሲጫወት ሞትሊና የቡድን ጓደኛው ቢል ዊሊስ በዛቻ ምክንያት ከጉዞው ቀሩ።

ሞትሊ ሁለቱንም ሥራ ይሠራ ነበር። ኳስ ሲይዝ በአማካይ 5.7 ያርድ ይጓዛል። ሳይዝ ደግሞ በኳርተርባኩ በኦቶ ግራሃም ላይ የሚሮጠውን ሁሉ በደረቱ ይመልሳል። መዝገቡ ግን የያዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ያርድ ይቆጠራል፤ ለሌላው ሲባል የተቀበሉት ግጭት አይቆጠርም።

በኋላ አሰልጣኞች ኳሱን ለፈጣኑ ሯጭ ሰጥተው ፉልባኩን ከፊቱ አቆሙት። ሥራው በሙሉ ፍጥነት ሄዶ ከተከላካዩ ጋር መላተም ሆነ። በሩጫ ውድድር አሯሯጭ እንደሚባለው ነው፤ ልዩነቱ አሯሯጭ ነፋሱን ሲቀበል ፉልባክ ሰውን ይቀበላል። የዳላስ ካውቦይሱ ኤሚት ስሚዝ 18,355 ያርድ ሮጦ የሊጉ የምንጊዜም ቀዳሚ ሆነ፤ በ2010ም የዝና አዳራሽ ገባ። ለዓመታት መንገድ የጠረገለት ዳሪል ጆንስተን እዚያ አዳራሽ ውስጥ የለም። ሎሬንዞ ኒልም እንዲሁ ነው፤ ከ1997 እስከ 2007 በአምስት ቡድኖች ሲዘዋወር በተከታታይ 11 የውድድር ዘመን ከኋላው የሚሮጠው ሰው ከ1,000 ያርድ በላይ አስመዝግቧል። ሯጮቹ ተለዋውጠዋል፤ ከፊት የነበረው ግን ያው አንድ ሰው ነው። ይህን አጋጣሚ ማለት ይከብዳል።

በ1978 ሕጉ ለኳስ ቅብብል አመቺ ሆኖ ተሻሻለ። ቡድኖችም ቀስ በቀስ ፉልባኩን አውጥተው በቦታው ሦስተኛ ኳስ ተቀባይ ማስገባት ለመዱ። ዛሬ ብዙ ቡድን ፉልባክ የለውም። ሆኖም ሳን ፍራንሲስኮ በ2017 ለካይል ዩስቼክ የ4 ዓመት የ21 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠ፤ እሱ ይጠርጋል፣ ይቀበላል፣ አንዳንዴም ይሮጣል። ሞትሊ ይሠራው ወደነበረው ሥራ መመለስ ነው።

ሞትሊ በ1968 የዝና አዳራሽ ገብቷል። ከሜዳ ከወጣ በኋላ አሰልጣኝ ለመሆን ሲጠይቅ ግን በር አልተከፈተለትም። ለሌሎች መንገድ የከፈተ ሰው ለራሱ የሚከፍትለት አጣ። ቁጥር ብቻ የሚያይ ይህን ዕዳ አያየውም፤ ዕዳው ግን አለ።