ሥር የሰደደ የአጥንት ኢንፌክሽን፦ የትኛው ቀዶ ሕክምና ያዋጣል?

ሥር የሰደደ የአጥንት ኢንፌክሽን (ኦስቲኦማይላይትስ) ብዙ ጊዜ የሚከሰተው ቆዳን ቀዶ ከወጣ ስብራት ወይም ከአጥንት ቀዶ ሕክምና በኋላ ነው። በሕፃናት ላይ ባክቴሪያው በደም በኩል ወደ አጥንት ሊገባ ይችላል። የተለመደው ምልክት የዳነ የመሰለ ቁስል እየደጋገመ መግል ማፍሰሱ ነው።

መድኃኒት ብቻውን ለምን አይበቃም?

የሞተ አጥንት ደም ስለማይደርሰው አንቲባዮቲክም በበቂ መጠን አይደርሰውም። መድኃኒቱ መግሉን ለጊዜው ቢያደርቀውም በሽታውን ከሥሩ አይነቅለውም።

የቀዶ ሕክምና አማራጮች

• የሞተውን አጥንት ጠርጎ ማውጣት፦ የሕክምናው መሠረት ነው። ብቻውን ሲሠራ ወጪው አነስተኛ ነው፤ በደንብ ካልተጠረገ ግን በሽታው ይመለሳል።
• አንቲባዮቲክ ያለው የአጥንት ሲሚንቶ፦ ክፍተቱን ሞልቶ መድኃኒቱን እዚያው ይለቃል። ስለማይሟሟ ብዙ ጊዜ ለማውጣት ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል።
• የሚሟሟ መሙያ (ካልሲየም ሰልፌት)፦ ዋጋው ከሲሚንቶ ይበልጣል፤ ለማውጣት ግን ዳግመኛ አያስከፍትም።
• ከውጭ የሚታሰር ብረት (ኢሊዛሮቭ)፦ ብዙ አጥንት ሲጎድል ይሠራል። አጥንቱ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚራዘም 5 ሴንቲ ሜትር ለመሙላት 50 ቀን ያህል፣ እስኪጠነክር ደግሞ ተጨማሪ ወራት ይወስዳል።
• እግርን መቁረጥ፦ ወጪው በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ይመስላል፤ ሰው ሠራሽ እግር ግን ዕድሜ ልክ ጥገናና ቅያሪ ይፈልጋል።

ወጪውን በሙሉ ያስሉ

የቀዶ ሕክምናውን ሂሳብ ብቻ አይመልከቱ። ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ አዲስ አበባ ለመመላለስ የሚወጣውን ትራንስፖርት፣ የአስታማሚውን ወጪ፣ ቁስል ማጠቢያውንና ከሥራ የቀሩበትን ቀን ይደምሩ። በርካሽ ተሠርቶ ሦስት ጊዜ የሚደገም ቀዶ ሕክምና፣ አንዴ በደንብ ከተሠራው ሊበልጥ ይችላል።

የአጥንት ቀዶ ሕክምና በጥቁር አንበሳና በአቤት ሆስፒታሎች ይሰጣል። ኪዩር ኢትዮጵያ ሆስፒታል የአጥንት ችግር ያለባቸውን ሕፃናት በነፃ ያክማል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ በቅድሚያ ከጤና ጣቢያዎ ሪፈራል ያጽፉ።

ሐኪምዎን ይጠይቁ

• ስንት ቀዶ ሕክምና ያስፈልገኛል?
• ከአጥንቱ ናሙና ተወስዶ የካልቸር ምርመራ ይደረጋል? አንቲባዮቲኩን ቀደም ብዬ ላቁም?
• ከውጭ ገዝቼ የማመጣው ዕቃ አለ?

የቆዩ ራጆችዎን ይዘው ይሂዱ፤ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ያቁሙ፤ ስኳር ካለብዎ ይቆጣጠሩ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም በፍጥነት የሚጨምር እብጠት ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።