ብርዱ ያልጣለው ወርቃማ ዛፍ

ጥድ ሲነሣ በሁላችንም ዓይነ ኅሊና የሚታየው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽርና በየደጋው ተራራ የቆመው፣ በጋ ከክረምት አረንጓዴነቱ የማይለወጠው ዛፍ ነው። የዚህ የምሥራቅ አፍሪካ ጥድ የሩቅ ዘመድ የሆነ፣ ስፕሩስ የሚባል የቀዝቃዛ አገር ዛፍ አለ። ቅጠሉ እንደ መርፌ የሾለ፣ ቁመቱ ቀጥ ያለ፣ መልኩም አረንጓዴ ነው። ከስንት አንድ ጊዜ ግን ቅጠሉ ቢጫ የሆነ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ወርቅ የሚመስል ስፕሩስ ይበቅላል። አትክልተኞች ይህን ዓይነቱን ለግቢ ጌጥ ይፈልጉታል፤ ሲገዙትም አስቀድመው የሚጠይቁት “ብርድ ይችላልን?” ብለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የአንዱን ወርቃማ ስፕሩስ ታሪክ እናቀርባለን። ታሪኩ ይህ ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም ብቻውን በቂ አለመሆኑን ያስረዳናል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

ዛፉ የነበረው በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ በሚገኙት የሃይዳ ግዋይ ደሴቶች፣ በያኩን ወንዝ ዳር ነው። ወገኑ ሲትካ ስፕሩስ ይባላል። ዕድሜው ወደ 300 ዓመት፣ ቁመቱም ወደ 50 ሜትር ይጠጋ ነበር። የደሴቶቹ ጥንታዊ ባለቤቶች የሆኑት የሃይዳ ሕዝቦች “ኪድክያስ” ይሉታል፤ ትርጉሙም ብዙ ጊዜ “ጥንታዊው ዛፍ” ተብሎ ይሰጣል።

ሃይዳዎች ስለዚህ ዛፍ የሚነግሩት ተረት አለ። በአንደኛው አተራረክ፣ አንድ ልጅ ተፈጥሮን በመናቁ ብርቱ የበረዶ ማዕበል መጥቶ መንደሩን ቀበረው። ከጥፋቱ የተረፉት ልጁና አያቱ ብቻ ነበሩ። ሲሸሹም አያት የልጅ ልጃቸውን ወደ ኋላ እንዳይመለከት አስጠነቀቁት። ልጁ ግን ዞሮ አየ፤ እግሩም ሥር ሰደደና ወርቃማ ዛፍ ሆኖ ቀረ። አያቱም የመጨረሻው ትውልድ ሳይቀር እያየው እንደሚያስታውሰው ነግረው አጽናኑት ይባላል። ተማሪዎቻችን ይህን ሲሰሙ የሎጥን ሚስት ማስታወሳቸው አይቀርም። ይሁን እንጂ ሃይዳዎች ዛፉን የሚያዩት እንደ ቅጣት ምልክት ብቻ ሳይሆን እንደ አንድ የቤተሰባቸው አባል ጭምር መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ይህ ሕዝብ በ1862 በተነሣው የፈንጣጣ ወረርሽኝና ተከትለው በመጡ በሽታዎች እጅግ ተመናምኖ፣ በ1900 አካባቢ ወደ 600 ሰው ብቻ ቀርቶት ነበር። ከእልቂቱ ለተረፉት ሰዎች የቆመ የትዝታ ምሰሶ ምን ያህል ክቡር እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ ዛፉ ብርዱን እንዴት እንደቻለ እንመልከት። ዛፍ ብርድን የሚቋቋመው እንደ እንስሳ ሙቀት በመፍጠር አይደለም። ቀኑ ማጠር ሲጀምር እድገቱን ያቆማል፤ በሕዋሶቹም ውስጥ ስኳር ያከማቻል። ብርዱ ሲበረታ ከሕዋሶቹ የወጣው ውሃ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ወደ በረዶነት ይለወጣል። በረዶ በሕዋሱ ውስጥ ቢፈጠር ሕዋሱን ይገድለው ነበር፤ በውጭ ሲሆን ግን ሕዋሱ ይተርፋል። ይህ ዝግጅት ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ዛፉ ሳይዘጋጅ ቀድሞ የደረሰ ቀላል ውርጭ፣ በወቅቱ ከመጣ ጽኑ ብርድ ይልቅ ሊጎዳው ይችላል።

ዘመዳሞች የሆኑ ዛፎችም ቢሆኑ አቅማቸው እኩል አይደለም። በካናዳ መሐል አገር የሚበቅለው ነጭ ስፕሩስ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብርድ ይችላል። ሲትካ ስፕሩስ ግን የባሕር ዳር ዛፍ ነው፤ ከካሊፎርኒያ እስከ አላስካ ጠረፉን ተከትሎ ይበቅላል እንጂ ወደ መሐል አገር ርቆ አይገባም። በሃይዳ ግዋይ ውቅያኖሱ አየሩን ስለሚያለዝበው የጥር ወር አማካይ ሙቀት እንኳ ከዜሮ በላይ ነው።

ወርቃማው ዛፍ ደግሞ ሌላ ችግር ነበረበት። ለቅጠል አረንጓዴ መልክ የሚሰጠውና ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያዘጋጀው ክሎሮፊል በቅጠሎቹ ውስጥ አነስተኛ ነበር። እንዲህ ያለ ዛፍ ምግቡ ጥቂት ነው፤ ብርቱ ፀሐይም ቅጠሉን ይለበልበዋል። በመሆኑም ኪድክያስ ያን ያህል መርዘሙ የዕፅዋት ሊቃውንትን ያስደንቅ ነበር። የደሴቶቹ ደመናና ጉም፣ ለስላሳ አየራቸውና የወንዙ ዳር እርጥበት ሳይረዱት አልቀሩም። ከዚህ የምንማረው፣ የዛፍ ጽናት በዛፉ ብቻ የሚለካ ሳይሆን በሚቆምበት ቦታም የሚወሰን መሆኑን ነው።

የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር በ1960 አገሩን በየዓመቱ በሚደርሰው የዝቅተኛ ሙቀት አማካይ እየከፈለ፣ ለአትክልተኞች የሚረዳ ካርታ አውጥቷል። ካርታው ከዚያ ወዲህ በ1990፣ በ2012 እና በ2023 ታድሷል፤ እጅግም ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የሚናገረው ስለ ብርድ ብቻ ነው። ወርቃማ ስፕሩስ የሚተክል ሰው ችግኙ ገና ለጋ ሳለ ከቀትር ፀሐይና አፈሩ በበረዶ ደርቆ ሳለ ከሚነፍሰው አድራቂ ነፋስ ሊከልለው ይገባል።

ሌላም ነገር አለ። ከወርቃማ ስፕሩስ ዘር የሚበቅለው ችግኝ እናቱን አይመስል ይሆናል፤ አረንጓዴ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ መልኩን ጠብቆ ለማባዛት ክተባ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ከወርቃማው ዛፍ ቀንበጥ ቆርጦ በአረንጓዴ ስፕሩስ ችግኝ ላይ ማጣበቅ ነው። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ባለሙያዎች በ1977 ከኪድክያስ ቀንበጥ ወስደው ከተቡ። በዚያን ጊዜ ዛፉ ጤነኛ ስለነበር ሥራው አስቸኳይ አይመስልም ነበር።

በዚህ መካከል የደሴቶቹ ደን በፍጥነት ይመነጠር ነበር። የሲትካ ስፕሩስ እንጨት ቀላልና ጠንካራ በመሆኑ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ለአውሮፕላን መሥሪያ ተፈልጓል። ከጦርነቱም በኋላ ቆረጣው በከባድ መኪናና በሞተር መጋዝ ቀጠለ። ወርቃማው ዛፍና በዙሪያው ያሉ ጥቂት ዛፎች ግን እንዳይነኩ ተደርገው ጎብኚ የሚያያቸው ሆኑ።

ግራንት ሃድዊን የተባለ፣ ቀድሞ በደን ሥራ የተሰማራ ሰው ይህ ነገር አስቆጣው። ሰፊው ደን እየተጨፈጨፈ አንዲት ዛፍ ለማሳያ መጠበቋ በዓይኑ ግብዝነት ነበር። በጥር ወር 1997፣ በ20ኛው ቀን ሌሊት፣ ብርዱን ተቋቁሞ የሞተር መጋዙን ይዞ ያኩንን ወንዝ በዋና ተሻገረ፤ ግንዱንም ነፋስ ሲነፍስ እንዲወድቅ አድርጎ ገዘገዘው። ከሁለት ቀን በኋላ ዛፉ ወደቀ። ሃድዊን ድርጊቱን የፈጸመው እርሱ መሆኑን በጽሑፍ አሳወቀ፤ ተከሰሰም። ለፍርድ ለመቅረብ በየካቲት በትንሽ ጀልባ ባሕሩን ሊሻገር ከተነሣ በኋላ ግን አልተገኘም። የጀልባው ስብርባሪ በሰኔ ወር በአንድ የአላስካ ደሴት ተገኘ።

ስለ ደኑ መጨፍጨፍ ሃድዊን የተናገረው እውነት አልነበረም ለማለት አንችልም። ነገር ግን የሌላውን ሕዝብ ክቡር ነገር ቆርጦ እውነትን ማስተማር አይቻልም። ሃይዳዎች ለዛፉ እንደ ዘመድ አለቀሱ፤ ሥርዓተ ኀዘንም አደረጉ።

ያን ጊዜ በ1977 የተከተቡት ችግኞች ታሰቡ። ከወደቀው ዛፍም ሳይደርቅ ቀንበጦች ተቆርጠው ተከተቡ። ከጎን ቅርንጫፍ የተወሰደ ቀንበጥ ለብዙ ዓመታት እንደ ቅርንጫፍ ወደ ጎን ማደግ ስለሚወድ፣ ቀጥ ያለ ዛፍ ማውጣቱ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሆነ። ሆኖም የኪድክያስ ወገን አልጠፋም። አንዱ ችግኝ በአቅራቢያው ባለው በፖርት ክሌመንትስ መንደር መናፈሻ በአጥር ተከብቦ ተተክሏል።

ሦስት መቶ ዓመት ብርድ ያልጣለውን ዛፍ አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ገዝግዞ ጣለው። ያንኑ ዛፍ ከፍጹም ጥፋት ያዳኑት ደግሞ አደጋ ሳይታይ፣ ሃያ ዓመት ቀድመው ጥቂት ቀንበጥ የወሰዱ እጆች ናቸው። በአንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር፣ ዛፍም ሆነ ተረት ወይም የሽማግሌ እውቀት፣ የቱንም ያህል ጽኑ ቢሆን ለመጥፋት ቅርብ ነው።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው በትምህርት ቤታቸው አካባቢ ከሁሉ የሚያረጀውን ዛፍ እንዲፈልጉ እናሳስባለን። ስሙን፣ ማን እንደተከለው፣ ስለ እርሱ ምን እንደሚነገር ሽማግሌዎችን ጠይቀው ይጻፉ፤ ከዘሩም አፍልተው በሌላ ቦታ ይትከሉ። ይህን የምናደርገው ዛፉ ቆሞ ሳለ ነው።