ገበቴው ሲናገር

የይፋት ቆላ ሙቀት ሰውን ሁሉ ወደ ደጅ ባወጣበት የሸዋ ሮቢት ምሽት፣ እኔ ከተበላሸ የጠረጴዛ ሰዓት የፈታሁትን፣ ሳንቲም የሚያህል ስስ ናስ ይዤ ወደ እናቴ ጓዳ ገባሁ። በሁለት ሽቦ ከአሮጌ ሬዲዮ ጋር አገናኘሁት። ብቻውን እንደ ትንኝ ጮኸ፤ በምጣድ ላይ ሳጣብቀው ታፈነ። በመጨረሻ፣ የፕላስቲክ ሳፋ ከመጣ ወዲህ ሊጥ ያልነካውን፣ ለማገዶ የተለየውን የእንጨት ገበቴ ደፍቼ ጀርባው ላይ አጣበቅሁት። ዘፈኑ ከጓዳው አልፎ ተሰማ።

የናሱ ምሥጢር በላዩ የተለጠፈው ነጭ ሴራሚክ ነው። ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክና ፒየር ኩሪ በ1880 እ.ኤ.አ. እንደ ኳርትዝ ያሉ ማዕድናት ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አሳዩ፤ በ1881 ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው ቅርጻቸው እንደሚለወጥ አረጋገጡ። ፒየዞ የሚባለው ጠባይ ይህ ነው። ሴራሚኩ ይርገበገባል፤ ነገር ግን አየር የሚገፋበት ስፋት የለውም። ስፋቱን የሚያበድረው ገበቴው ነው።

የክራርና የበገና ሠሪዎቻችን ይህን ብድር ቀድመው ያውቁታል። የጅማት ድምፅ ብቻውን ቀጭን ነው፤ ስለዚህ የተፈለፈለ እንጨት በቆዳ ለብጠው ማስተጋቢያ አደረጉለት። ስሙንም “ገበቴ” አሉት። ገበቴ ከየጓዳው ሲጠፋ፣ የነገ ልጅ የክራሩ አካል ለምን እንዲያ እንደተባለ ከምን ያውቃል?

እናቴ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠች። “እኔ እኮ ነገ ላስፈልጠው ነበር” አለች። ከዚያም አቧራውን በእጇ ጠርጋ ከመደቡ ራስጌ አኖረችው።