ከዛፍ ጥላ ሥር የቆመ ትምህርት ቤት

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ልጅዎን ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ሲሸኙ፥ ማታም ደብተሩን ገልጠው ሲመለከቱ፥ አንድ ጥያቄ በልብዎ ሳይመላለስ አይቀርም። ይኸውም «ይህ ልጅ የሚማረው ምስክር ወረቀት ይዞ ሥራ ለመቀጠር ብቻ ነውን? ወይስ በራሱ አሳብ የሚቆም ሰው ለመሆን?» የሚል ነው። ይህንኑ ጥያቄ አጥብቆ የጠየቀ፥ መልሱንም በገንዘቡና በዕድሜው የፈተነ አንድ ሰው በሕንድ አገር ነበረ። እርሱም የቤንጋል ባለቅኔ ራቢንድራናት ታጎር ነው። የዛሬው ንግግራችን ታጎር ስላቆመው ትንሽ ትምህርት ቤት ይሆናል። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን የጊዜውን ሁኔታ እንመልከት። የእንግሊዝ መንግሥት በሕንድ ለትምህርት የመደበው ገንዘብ በእንግሊዝኛ ለሚሰጥ ትምህርት እንዲውል በ1835 ወሰነ። የታሰበውም በገዢውና በተገዢው ሕዝብ መካከል በአስተርጓሚነት የሚቆም ወገን ለማፍራት ነበር። ከዚህም የተነሣ እንግሊዝኛ የመንግሥት ሥራ መግቢያ በር ሆነ። ወላጅ ሁሉ ልጁን በዚያ በር ለማስገባት ተሽቀዳደመ፤ ልጁም አይቶት የማያውቀውን አገር አበባና ወፍ ስም በቃሉ ሲያጠና በደጁ የበቀለውን ዛፍ ሳያውቅ አደገ።

ታጎር በ1861 በካልካታ ከባለጸጋ ቤት ተወለደ። በልጅነቱ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ቢዛወርም በአንዱም ልቡ አላረፈም፤ በመጨረሻም ትቶ ወጣ። ነገር ግን በ1873 አባቱ ደበንድራናት ወደ ሂማላያ ተራሮች ይዞት በሄደ ጊዜ፥ ሳንስክሪትና እንግሊዝኛ፥ ስለ ከዋክብትም ጭምር፥ በመንገድ ላይ ከአባቱ ተማረ። በ1892 በጻፈው ጽሑፍ፥ በባዕድ ቋንቋ ብቻ የሚማር ልጅ ቃሉ ከአሳቡ፥ አሳቡም ከኑሮው እንደሚለይበት አስረዳ። ጽሑፍ ብቻውን እንደማይበቃም ተረዳና ወደ ሥራው ተሻገረ።

ከካልካታ በስተሰሜን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ቦልፑር በምትባል ከተማ አጠገብ፥ አባቱ በ1863 ያገኘው ቦታ ነበር። ስሙም ሻንቲኒኬታን ይባላል፤ ትርጓሜው የሰላም ማደሪያ ማለት ነው። በዚያ ደረቅና ቀይ አፈር ላይ ታጎር ዲሴምበር 22 ቀን 1901 ትምህርት ቤቱን ከፈተ። የተማሪዎቹ ቍጥር አምስት ብቻ ነበር፤ ከነዚያም አንዱ የገዛ ልጁ ራቲንድራናት ነበረ።

ትምህርቱ የሚሰጠው ከዛፍ ሥር ነው። ልጆቹ የሚቀመጡበትን ትንሽ ምንጣፍ ይዘው ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ወደ ቤት ይገባሉ። ወፉን፥ ቅጠሉንና የወቅቱን መለዋወጥ እያዩ ይማራሉ፤ ይዘምራሉ፥ ሥዕል ይሥላሉ፥ ቴያትር ይሠራሉ። በትር የለም። አለቃቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ጥፋት ሲገኝም ከመካከላቸው የተመረጡ ልጆች ዳኝነት ተቀምጠው ይፈርዳሉ። ጋንዲ በ1915 ወደዚያ በመጣ ጊዜ፥ ተማሪዎቹ ምግባቸውን ራሳቸው እንዲያበስሉ፥ ግቢያቸውንም ራሳቸው እንዲጠርጉ መከራቸው፤ ማርች 10 ቀን የተጀመረው ይህ ሥራ በየዓመቱ ይታሰባል።

የትምህርቱ ቋንቋ ቤንጋልኛ ነበረ። ይሁን እንጂ ታጎር እንግሊዝኛን የናቀ አይምሰልዎ። ለቤንጋል ልጆች የሚሆን የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ራሱ አዘጋጀ፤ ሰዋስው ከማሸምደድ ይልቅ በንግግር እንዲለምዱት አደረገ። በ1930 ደግሞ ሠዓሊው ናንዳላል ቦስ ሥዕል የሣለበትን «ሳሃጅ ፓት» የተባለ የቤንጋልኛ ማንበቢያ አሳተመ። አሳቡ ግልጽ ነበረ፤ የእናት ቋንቋ መሠረት ይሁን፥ የውጭውም ቋንቋ መስኮት ይሁን። መሠረት የሌለው ቤት መስኮት ቢያበዙለት አይቆምም።

እዚህ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ አንባቢ በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የምሥራቅ ቤንጋልና የአሳም መንግሥት በ1911 ገደማ በምስጢር ባስተላለፈው ሰርኩላር፥ የሻንቲኒኬታን ትምህርት ቤት ለመንግሥት ሠራተኞች ልጆች ፈጽሞ የማይስማማ መሆኑን አስታወቀ። በራሱ ቋንቋ የሚያስብ፥ በራሱም ዳኝነት የሚመራ ልጅ ለገዢው የሚያሠጋ ሆኖ ታይቶ ነበር። ስለዚህም እንጀራቸው በመንግሥት እጅ የነበረ አንዳንድ ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡ። በነዚያ አባቶች ለመፍረድ አንቸኵል፤ ነገር ግን እርስዎ በስፍራቸው ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

የገንዘቡም ችግር ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያ ከተማሪ ክፍያ አይጠየቅም ነበርና ባለቤቱ ምሪናሊኒ ጌጧን ለትምህርት ቤቱ ሰጠች፤ እርሱም በፑሪ የነበረውን ቤቱን ሸጠ። ምሪናሊኒ በ1902 አረፈች፤ ከዚያም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሴት ልጁን፥ አባቱንና ታናሽ ወንድ ልጁን ሞት ተከታትሎ ወሰደበት። ትምህርት ቤቱን ግን አልዘጋውም። በ1913 ከአውሮፓ ውጭ ካሉ ሕዝቦች የመጀመሪያው ሆኖ በሥነ ጽሑፍ የኖቤልን ሽልማት ባገኘ ጊዜ፥ ገንዘቡን ለገበሬዎች በሚያበድር ባንክ አስቀምጦ ወለዱ ለትምህርት ቤቱ እንዲውል አደረገ። በ1915 የእንግሊዝ ንጉሥ የሰጠውን የሰር ማዕርግም፥ በ1919 በአምሪትሳር ስለ ፈሰሰው ደም ሲል መለሰ።

በ1921 ቪስቫ ባራቲ የተባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት በዚያው ተቋቋመ። ታጎር በ1941 ካረፈ በኋላም በ1951 ነጻይቱ ሕንድ በሕግ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አደረገችው። ይሁንና አንድ ፈተና እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም፤ ወላጆች የካልካታን ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተና ለልጆቻቸው ስለ ፈለጉ፥ ከዛፍ ሥር የተማረውም ልጅ ለፈተና መቀመጡ አልቀረም። ነጻነትና ምስክር ወረቀት በአንድ ግቢ ተቻችለው ኖሩ እንጂ አንዱ ሌላውን አላሸነፈም።

ፍሬው ግን አልጠፋም። የፊልም ሠሪው ሳትያጂት ራይ በዚያ ሥዕል ተማረ፤ በ1998 በኤኮኖሚ የኖቤልን ሽልማት ያገኘው አማርትያ ሴንም ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣ ሲሆን፥ ከውጤት ይልቅ ለማወቅ መጓጓት ይከበር እንደ ነበር መስክሯል። ዩኔስኮም በ2023 ሻንቲኒኬታንን በዓለም ቅርስነት መዘገበ።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ሁላችንም ትምህርት ቤት እንክፈት አንልም። ነገር ግን ልጅዎ ዛሬ ማታ ሲመለስ ስንት ነጥብ እንዳገኘ ከመጠየቅዎ በፊት፥ ምን እንዳየና ምን እንደ ጠየቀ በእናቱ ቋንቋ ያጫውቱት። ለዚህ የማንም ሰርኩላር አይከለክልዎትም።