ስለ ኤሌክትሮኒክ መዝገብና በውስጡ ስለሚቀመጠው የሥራ ሥርዓት ታሪክ



የመዝገብ ሥራ ሁለት ነገሮችን ይፈልጋል። አንደኛው የተጻፈው ነገር ራሱ ነው፤ ይኸውም የሰው ስም፣ የገንዘብ ልክ፣ የወርና የቀን ቁጥር ነው። ሁለተኛው መዝገቡ የሚሠራበት ሥርዓት ነው፤ ማን እንዲጽፍበት፣ ማን እንዲሰርዝበት፣ ወጪ በሆነ ጊዜ ከየትኛው ዓምድ ተቀንሶ በየትኛው ላይ እንዲደመር የሚያዘው ደንብ ነው። የመጀመሪያው በሣጥን ተቈልፎ ሊጠበቅ ይችላል። ሁለተኛው ግን በጸሐፊው ልብ ውስጥ ብቻ የተቀመጠ እንደ ሆነ፣ ጸሐፊው ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ አብሮት ይሄዳል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ይህን የመሰለውን ጉዳት አይተው ነው።

በዛሬው ንግግራችን ይህ የቆየ ችግር በኮምፒዩተር ዘመን እንደ ገና እንዴት እንደ ተነሣና ሊቃውንቱ በምን መንገድ ሊፈቱት እንደ ሞከሩ ባጭሩ እንመለከታለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በ1960ዎቹ ዓመታት ኮምፒዩተር የታላላቅ ድርጅቶችን መዝገብ መያዝ ሲጀምር፣ በአሜሪካ አገር ቻርልስ ባክማን በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ አንድ ዐይነት የመረጃ ቋት አዘጋጀ። አይ.ቢ.ኤም. የተባለውም ኩባንያ ወደ ጨረቃ ለሚደረገው የአፖሎ ጉዞ የሚያስፈልጉትን ዕቃዎች ለመቈጣጠር ሌላ የመረጃ ቋት ከባልንጀሮቹ ጋር ሠራ። በእነዚህ ቋቶች ውስጥ አንዱ ጽሑፍ ከሌላው ጋር እንደ ሰንሰለት ወይም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተያይዞ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ፕሮግራም የሚጽፈው ሰው የሚፈልገውን ለማግኘት መንገዱን ሁሉ ጠንቅቆ ማወቅ ነበረበት። የቋቱ አቀማመጥ በተለወጠ ጊዜም በዚያ መንገድ ተማምኖ የተጻፈው ፕሮግራም ሁሉ ይሰናከል ነበር።

ይህን ችግር የተመለከተው ኤድጋር ኮድ የተባለ በእንግሊዝ አገር የተወለደ የሒሳብ ሊቅ ነው። በካሊፎርኒያ፣ በሳን ሆዜ ከተማ በሚገኘው የአይ.ቢ.ኤም. የምርምር ቤት ይሠራ በነበረ ጊዜ፣ በ1970 ዓ.ም. አንድ ጽሑፍ አሳተመ። አሳቡም ይህ ነው፤ መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ፣ በረድፍና በዓምድ ይቀመጥ፤ ጠያቂው የሚፈልገውን ነገር ብቻ ይናገር፤ መንገዱን መፈለግ የመኪናው ፋንታ ይሁን። ዝምድናዊ የመረጃ ቋት የተባለው ከዚህ አሳብ የተወለደ ነው። ኮድም ስለዚህ ሥራው በ1981 ዓ.ም. በኮምፒዩተር ዕውቀት ከፍ ያለ ክብር ያለውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ።

በ1974 ዓ.ም. ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ የተባሉ ሁለት የዚያው ምርምር ቤት ሠራተኞች ለዚህ አሳብ የሚስማማ የመጠየቂያ ቋንቋ አቀረቡ። ቦይስ በዚያው ዓመት ገና በወጣትነቱ ዐረፈ። ስሙ መጀመሪያ ሲክወል ነበር፤ ነገር ግን ስሙ አስቀድሞ በሌላ ኩባንያ የንግድ ምልክትነት ተይዞ ስለ ተገኘ፣ አጥረው ኤስ.ኪው.ኤል. አሉት። ኦራክል የተባለው ኩባንያ በ1979 ዓ.ም. ይህን ቋንቋ የሚናገር ቋት ለገበያ አቀረበ፤ ቋንቋውም በ1986 ዓ.ም. በአሜሪካ የደረጃ መዳቢ ድርጅት ጸደቀ።

ይሁን እንጂ ኤስ.ኪው.ኤል. በዚያን ጊዜ የጠያቂ ቋንቋ ብቻ ነበር። «ደመወዛቸው ከዚህ ልክ በላይ የሆነውን ሠራተኞች አሳየኝ» ማለት ይችላል። «ሒሳቡ ቢበቃ ክፈል፤ ባይበቃ መልስና ምክንያቱን ጻፍ፤ ይህንንም እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ ደጋግም» ለማለት ግን ቃል አልነበረውም። ስለዚህ ደረጃ ያለው ሥራ ሁሉ እንደ ኮቦል ባሉ ሌሎች ቋንቋዎች፣ ከቋቱ ውጭ ይጻፍ ነበር።

ጉዳቱ የታየው በዚህ ነው። አንድ ባንክ እንውሰድ። ገንዘብ የሚከፍለው ክፍል አንድ ፕሮግራም አለው፤ የሒሳብ ክፍሉ ሌላ አለው፤ ቅርንጫፉም ሦስተኛ አለው። ሦስቱም በአንድ ቋት ላይ ይሠራሉ፤ የወጪውን ደንብ ግን እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ገልብጠው ይዘዋል። ደንቡ በተሻሻለ ጊዜ ሁለቱ ታርመው ሦስተኛው ቢረሳ፣ መዝገቡ አንድ ሲሆን ሕጉ ሁለት ይሆናል። ያን ጊዜ ባለ ገንዘቡ በአንዱ መስኮት የተፈቀደለትን በሌላው ይከለከላል፤ ጥፋቱም የማን እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

በ1980ዎቹ ዓመታት ችግሩ ከፍ አለ። ትንንሽ ኮምፒዩተሮች በየጠረጴዛው ተተክለው ሰርቨር ከተባለው ዋና ኮምፒዩተር ጋር በመሥመር ተገናኙ። አንድ ጉዳይ ለመፈጸም ጥያቄና መልስ በመሥመሩ ላይ ብዙ ጊዜ ይመላለስ ጀመር፤ ሥራውም በዚያው መጠን ይዘገያል።

መፍትሔውን ለገበያ ካቀረቡት ቀደምት ድርጅቶች አንዱ ሳይቤዝ ነው። ይህን ኩባንያ በ1984 ዓ.ም. ማርክ ሆፍማንና ሮበርት ኤፕስታይን በካሊፎርኒያ አቋቋሙት። በ1987 ዓ.ም. ባወጡት ቋት ውስጥ የሥራው ቅደም ተከተል ተጽፎ፣ ስም ተሰጥቶት፣ ከሠንጠረዦቹ ጋር በሰርቨሩ ውስጥ እንዲቀመጥ አደረጉ። ስቶርድ ፕሮሲጀር የተባለው ይህ ነው፤ እኛም የተቀመጠ ሥርዓት እንለዋለን። ከዚያ ወዲያ በጠረጴዛ ላይ ያለው ፕሮግራም የሥርዓቱን ስም ይጠራል፤ የሚያስፈልገውን ቁጥር ይሰጣል፤ ሥራው በመዝገቡ ቤት ውስጥ ተፈጽሞ ውጤቱ ብቻ ይመለሳል።

ኦራክል በ1988 ዓ.ም. ባወጣው ስድስተኛ እትም ፒ.ኤል. ኤስ.ኪው.ኤል. የተባለውን ቋንቋ አስተዋወቀ። በዚህ ቋንቋ የተጻፈውን ሥርዓት በቋቱ ውስጥ በስም ማስቀመጥ የተቻለው ግን በ1992 ዓ.ም. በወጣው በሰባተኛው እትም ነው። የቋንቋው አወቃቀር የተወሰደው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ካሠራው አዳ ከተባለው ቋንቋ ነው። አዳም ስሙን ያገኘው ስለ ሒሳብ መኪና በ1843 ዓ.ም. ማብራሪያ ካሳተመችው ከእንግሊዛዊቱ ወይዘሮ ከአዳ ላቭሌስ ነው። በፒ.ኤል. ኤስ.ኪው.ኤል. የተጻፈ ሥርዓት በሦስት ይከፈላል፤ በመጀመሪያ የሚያስፈልጉት ነገሮች በስማቸው ይታወጃሉ፤ ቀጥሎ ሥራው ይዘረዘራል፤ በመጨረሻ ያልታሰበ እንቅፋት ሲደርስ ምን እንደሚደረግ ይጻፋል። ይህ ሦስተኛው ክፍል ሊመሰገን ይገባዋል፤ ብዙ የመሥሪያ ቤት መመሪያ ነገሩ በደኅና ሲሄድ የሚደረገውን ጽፎ፣ ሲበላሽ የሚደረገውን ይተዋልና።

ገንዘብ ከአንድ ሒሳብ ወደ ሌላው የሚያዛውር ሥርዓት ቢጻፍ እንዲህ ይሆናል። አስቀድሞ የከፋዩን ረድፍ ይቈልፋል፤ ሌላ ሰው በዚያች ቅጽበት እንዳይለውጠው ነው። ቀጥሎ ቀሪው ይበቃ እንደ ሆነ ይመረምራል፤ ካልበቃ ሥራውን አቁሞ ስሕተቱን ያስታውቃል። ከበቃ ከአንዱ ይቀንሳል፤ በሌላው ይደምራል፤ ያዘዘውን ሰው ስምና ሰዓቱን በሌላ ሠንጠረዥ ይመዘግባል፤ በመጨረሻም ሥራው እንዲጸና ያዛል። ከተቀነሰ በኋላ ሳይደመር የመብራት ኃይል ቢቋረጥ፣ ቋቱ እንደ ገና ሲነሣ ያልጸናውን ሁሉ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ይህ የመጨረሻው ጥበብ ትራንዛክሽን ይባላል፤ ለዕድገቱም ብዙ የደከመው ጂም ግሬይ በ1998 ዓ.ም. የቱሪንግን ሽልማት አግኝቷል።

ሌላው ጥቅም የሥልጣን ጉዳይ ነው። ሠራተኛው ሠንጠረዡን በቀጥታ እንዳይነካ ተከልክሎ፣ ሥርዓቱን ለመጥራት ብቻ ሊፈቀድለት ይችላል። ይህም ለገንዘብ ከፋዩ መስኮቱን ሰጥቶ የካዝናውን ቁልፍ እንደ መከልከል ነው።

ነገር ግን ጥቅሙን ብቻ አውርተን ብንተው አድማጩን ማታለል ይሆናል። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ቋንቋ ስለ ፈጠረ፣ የአንዱን የሌላው ቋት አይሰማውም። የጋራው ደረጃ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ግን የየኩባንያው ቋንቋ ሥር ሰድዶ ነበር። በነጻ የሚታደለው ፖስትግሬስ በ1998 ዓ.ም. የኦራክልን የሚመስል ቋንቋ አገኘ፤ ማይ.ኤስ.ኪው.ኤል. የተባለውም በ2005 ዓ.ም. የተቀመጠ ሥርዓትን ተቀበለ። ሆኖም ዛሬም ቢሆን ደንቡን ሁሉ በአንድ ሻጭ ቋንቋ የጻፈ ድርጅት ቋቱን ለመለወጥ ቢፈልግ ደንቡን ከሥሩ እንደ ገና ማጻፍ ይገደዳል። በዚህም ምክንያት ደንቡ ከቋቱ ውጭ በአንድ ማዕከላዊ ፕሮግራም ቢቀመጥ ይሻላል የሚሉ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው።

ደግሞም የተቀመጠ ሥርዓት ከክፉ ሰው የሚያድን ክታብ አይደለም። ስም እንዲጽፍ በተጠየቀበት ቦታ ትእዛዝ ጽፎ ቋቱን ማሳሳት እንደሚቻል በ1998 ዓ.ም. በይፋ ተጽፏል። ሥርዓቱ የተሰጠውን ቃል እንደ ተራ ዋጋ ከተቀበለ ይህ ተንኰል አይሠራም፤ ቃሉን ከትእዛዝ ጋር አጣብቆ የሚያስኬድ ከሆነ ግን በሩን ራሱ ይከፍታል።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የተረሳ ሥርዓት ነው። የጻፈው ሰው ሄዶ፣ ምክንያቱ ሳይጻፍ፣ ማንም ሊነካው እየፈራ ለብዙ ዓመታት የሚሠራ ሥርዓት በየቋቱ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ደንብ በጸሐፊ ልብ ውስጥ ከተቀበረው ደንብ የሚለየው በጥቂቱ ነው፤ የተጻፈ ቢሆንም የሚያነበው የለምና።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ኮምፒዩተር ለማይነካውም ሠራተኛ የሚተርፍ ትምህርት አለ። ደንብ በአንድ ስፍራ ይጻፍ፤ ሁሉም ከዚያ ይጥራው እንጂ ለየራሱ አይገልብጠው፤ ሲበላሽ የሚደረገው አብሮ ይጻፍ፤ ማን ሊለውጠው እንደሚችልና ስለ ምን እንደ ወጣ ይታወቅ። ይህ ከተጠበቀ፣ ቦታው የብረት ሣጥን ቢሆን ወይም የኤሌክትሮኒክ ቋት፣ ባለ ጉዳዩ በየትኛውም መስኮት ቢቀርብ አንድ ሕግ ያገኛል። በዚሁ ንግግራችንን እንፈጽማለን።