ወተትና ፕላስቲክ፦ በማፍላት ስለማይጠፋው ኬሚካል ማወቅ ያለብን

ከሰፈር ወተት የሚገዛ ብዙ ሰው የሚይዘው ሃይላንድ ነው። ቤት ሲደርስ ይፈላል፣ ትኩሱ ደግሞ ለልጅ በፕላስቲክ ጡጦ ይቀዳል። ማፍላት ጀርም ይገድላል። ከፕላስቲክ የወጣ ኬሚካልን ግን አያጠፋም።

🔹 የትኞቹ ኬሚካሎች ናቸው?

▪️ ፍታሌት፦ ፒቪሲ የሚባለውን ፕላስቲክ ለማለስለስ ይጨመራል። ከፕላስቲኩ ጋር አጥብቆ ስለማይያያዝ ቀስ እያለ ይወጣል።

▪️ ቢስፌኖል ኤ (ቢፒኤ)፦ መስታወት በሚመስል ጠንካራ ፕላስቲክና በቆርቆሮ ጣሳ የውስጥ ሽፋን ውስጥ ይገኛል።

🔹 ለምን ወተት?

ፍታሌት በቅባት ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል። ስለዚህ ከውሃ ይልቅ ወተት፣ ቅቤና አይብ ውስጥ ይገባል። መግቢያው ብዙ ነው፤ የማለቢያ ማሽን ቱቦ፣ የፋብሪካ ዕቃ፣ ማሸጊያ። እ.ኤ.አ በ2017 አሜሪካ ውስጥ ከተመረመሩ 30 የአይብ ምርቶች በ29ኙ ተገኝቷል። ከመኮረኒ ጋር በሚሸጠው የአይብ ዱቄት ቅባት ውስጥ ያለው ደግሞ በአማካይ ከተፈጥሮ አይብ ከ4 እጥፍ በላይ ነበር።

🔹 ጉዳቱ ምንድን ነው?

አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ የሚያሳምም ነገር አይደለም። ችግሩ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መግባቱ ነው። ሁለቱም ሆርሞን ያዛባሉ። ፍታሌት የወንድ ሆርሞንን ሥራ ያዳክማል፣ ቢፒኤ ደግሞ እንደ ሴት ሆርሞን ይሠራል። ይበልጥ የሚያሰጋው ለፅንስና ለህፃናት ነው።

የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ በ2023 በቀን ሊወሰድ የሚችለውን የቢፒኤ መጠን በ20,000 እጥፍ ዝቅ አድርጎታል።

🔹 ጡጦስ?

እ.ኤ.አ በ2020 አየርላንድ የሚገኘው የትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ጡጦዎችን ፈትሸዋል። በሙቅ ውሃ የዱቄት ወተት ሲበጠበጥባቸው በሊትር እስከ 16 ሚሊዮን የፕላስቲክ ብናኝ ወጥቷል። ሙቀቱ ሲጨምር ብናኙም ይጨምራል።

🔹 ምን እናድርግ?

✅ ወተት ማፍላት አታቁሙ! ጥሬ ወተት ቲቢና ብሩሴሎሲስ ያስተላልፋል።

✅ የህፃን ወተት በብረት ወይም በብርጭቆ ዕቃ አዘጋጁ፤ ለብ ሲል ወደ ጡጦ ቅዱ።

✅ ፕላስቲክ ውስጥ ያለ ወተት ማይክሮዌቭ ውስጥ አታሙቁ።

✅ ወተት ለመግዛት ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ያዙ። ሃይላንድ የተሠራው ለአንድ ጊዜና ለቀዝቃዛ ውሃ ነው።

✅ ኬሚካል ወይም ቀለም የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብም ለወተት አይሆንም።

✅ ቅቤ በጠርሙስ ወይም በሸክላ ዕቃ አስቀምጡ።

✅ የተጫጫረና የደበዘዘ ጡጦ ቀይሩ።

ወተት ለልጆች አስፈላጊ ምግብ ነው፤ ከዚህ የተነሳ የሚያቋርጥ ሰው እንዳይኖር። የሚቀየረው ዕቃው ነው። ህፃን ላላቸው ወዳጆቻችሁ አጋሩ።