የአራዳ ዘበኛና የመንገድ ሕግ

የመንገድን ሕግ የሚያስከብር ፖሊስ እርሱ ራሱ ለዚያው ሕግ ይገዛልን? የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሲነሣ ይሰማል። አንዳንዶች፣ ፖሊስ እንደ ማንኛውም መንገደኛ አይደለምና ቀይ መብራት ቢያልፍ አይፈረድበትም ይላሉ። ነገሩን ለመመርመር ወደ አራዳ ታሪክ መለስ ማለት ይጠቅማል።

ዛሬ ፒያሳ የምንለው ሰፈር ይህን የኢጣልያንኛ ስም ከማግኘቱ በፊት አራዳ ይባል ነበር። ታላቁ ገበያ በጠላት ወረራ ዘመን ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ እስኪባል ድረስ የሚቆመው እዚያው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ባለበቅሎው፣ አህያ ነጂው፣ እንጨት ተሸካሚዋ ሁሉ በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። ነገር ግን ማን ቀድሞ እንዲያልፍ የሚወስነው ሕግ ሳይሆን ማዕረግ ነበር። መኰንኑ በበቅሎ ሲመጣ አሽከሮቹ ከፊት ከፊት እየቀደሙ «ዞር በል!» ይላሉ፤ ሕዝቡም ይገለላል።

ሆኖም በዚያው ገበያ ሌላም ሥርዓት ነበረ። ተበደልሁ የሚል ሰው «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደሆነ፣ የተባለው ሰው ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ አለዚያም አላፊ አግዳሚውን አስቁመው «ፍረደን» ይሉታል። ይህን ቃል ለመናገር ዘበኛ መሆን፣ ቃሉን ሰምቶ ለመቆምም ድኻ መሆን አያስፈልግም ነበር። እንግዲህ የአራዳ ዘበኛ ተብሎ የታወቀው የከተማ ጠባቂ በተቋቋመ ጊዜ፣ የማስቆምን ሥልጣን ከሕዝቡ ጋር ተካፈለ እንጂ ከሕዝቡ እጅ ነጥቆ የወሰደ አይመስለኝም። ቃሉም ዘበኛውን ለይቶ አይምርም።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ከበቅሎ ፊት አሽከር ይሮጣል፤ ከአውቶሞቢል ፊት ግን ማን ይሮጣል? መኪናው እየበዛ ሲሄድ፣ ታላቁም ታናሹም አስቀድሞ የሚያውቀው አንድ ሥርዓት የግድ አስፈለገ። ከነጻነት በኋላም በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ ዐዋጅ ወጣ።

የዚህ ሥርዓት ጠባይ ጎልቶ የታየው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ዕለት ድረስ በአገራችን የሚነዳው በግራ በኩል ነበር፤ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ግን በቀኝ ሆነ። እስቲ አንድ የፖሊስ መኪና በዚያ ቀን ወደ ፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ በለመደው በግራ ሄደ እንበል፤ የሚገጥመው ከላይ ቁልቁል ከሚመጣው አውቶቡስ ጋር ነው። ሹፌሩ የመኰንኑን የትከሻ ምልክት እስኪያይ ድረስ ፍሬኑ አይጠብቀውም። ባለሥልጣኑም ተራው ሰውም ወደ ቀኝ የተዛወሩት በአንድ ቀን ነው።

እርግጥ ነው፣ ወንበዴ የሚያሳድድ ፖሊስ፣ እሳት የሚያጠፋና በሽተኛ የሚያደርስ ሰው መብራት እስኪለወጥ ይቁም የሚል የለም። በ1961 ዓ.ም. በቪየና ከተማ የተፈረመው የዓለም የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ይህንን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በሳይረን ወይም በልዩ መብራት ማስጠንቀቅንና ሌላውን መንገደኛ ለአደጋ አለማጋለጥን ያስገድዳል። እኔን ይልቁን የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው፤ እንዲህ ያለው ባለሳይረን እንኳ፣ ትራፊክ የሚያስተናብረው ሹም «ቁም» ካለው መቆም አለበት። ፈቃዱ የተሰጠው ለተላከበት ጉዳይ ነው፤ ለልብሱ አይደለም።

ጉዳይ ሳይኖረው፣ ሻይ ለመጠጣት ሲል መኪናውን በእግረኛ መሻገሪያ ላይ የሚያቆም ፖሊስ ግን ወደዚያ ወደ «ዞር በል» ዘመን መመለሱ ነው። ይህን ያየ የታክሲ ነጂ ነገ ሲቀጣ ገንዘቡን ይከፍላል፤ ጥፋተኛ መሆኑን ግን በልቡ አይቀበልም፤ ዘወር ሲሉለትም ያንኑ ይደግማል። በዚያ መሻገሪያ ላይ የሚቆሙት ደግሞ ተማሪዎችና ቤተ ክርስቲያን ሳሚ አሮጊቶች ናቸው። የፒያሳ መንገድ በ2016 ዓ.ም. ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ከሰፋ ወዲህ መኪና ይበልጥ ይፈጥንበታል። ስለዚህ ያለ ጉዳይ ሕጉን የጣሰ ፖሊስ ክሱ ተራው ሹፌር በሚከሰስበት በዚያው ወረቀት ሊጻፍ ይገባዋል፤ ጸሐፊው በማዕረግ የበታቹ ቢሆንም እንኳ።